ሥራቸውን ሳይነጥቁ መርዳት፦ ወላጆች በገዛ ቤታቸው በጤና እንዲያረጁ ለሚሹ ቤተሰቦች

እናት ውሃ ሊቀዱ ከወንበራቸው ሲነሡ «አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» የሚል ልጅ በየቤቱ አለ። አባት ጫማቸውን ለማሰር ሲጎነበሱ ቀድሞ የሚንበረከክ፣ የያዙትን ዕቃ ከእጃቸው የሚቀበል፣ ደረጃ እንዳይወጡ ብሎ አልጋቸውን ወደ ታችኛው ክፍል የሚያወርድም እንዲሁ። ድርጊቱ ሁሉ ከፍቅርና ከአክብሮት የመጣ በመሆኑ ስህተት አለበት ብሎ መናገር ይከብዳል። ይሁን እንጂ በቀን ሃያ ጊዜ ይነሡ የነበሩ ሰው አምስት ጊዜ ብቻ እንዲነሡ ከተደረገ፣ ውሎ አድሮ ያለ ደጋፊ መነሣት ያቅታቸዋል፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ «መቼም እርጅና ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ሁሉ፣ ስለ ቤት አያያዝም ይሁን ስለ ምግብ ወይም ስለ መድኃኒት፣ ቤቱን ለአረጋዊው ማመቻቸትንና የአረጋዊውን ሥራ መንጠቅን ከመለየት የሚነሣ ነው።

የሰው ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል። ይህ የማይቀር ቢሆንም፣ የመቀነሱ መጠን ግን ከሰውየው ውሎ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ የሆኑ አረጋውያን ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ የጡንቻ ክብደት አጥተዋል። በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ሌላ ጥናት፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይኖሩ የነበሩና ዕድሜያቸው 90 ዓመት አካባቢ የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንታት የእግር ጡንቻቸውን በክብደት ሲያሠሩ፣ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨምሯል። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ቢሆኑም፣ «ካረጁ በኋላማ ምን ጉልበት ይመጣል» ለሚለው የተለመደ አነጋገር በቂ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባው ጤናማ እርጅናን የገለጸው ከበሽታ ነጻ በመሆን አይደለም፤ ሰውየው ከፍ አድርጎ የሚያየውን ነገር የመሥራት ችሎታውን ጠብቆ በማቆየት ነው። በዚህ መለኪያ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ እያለባቸው ገላቸውን ራሳቸው የሚታጠቡና ጎረቤት የሚጠይቁ ሰው በጤና እያረጁ ናቸው ሊባል ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ማየት

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ አንድ አደጋ ይደርስና በድንጋጤ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይለወጣል። ከዚያ ይልቅ፣ ምንም ሳይለውጡ አንድ ሳምንት በትዕግሥት መመልከት ይጠቅማል። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት መለኪያ ለዚህ ዛሬም ያገለግላል። መለኪያው ስድስት የዕለት ተዕለት ተግባራትን ይዘረዝራል፤ እነሱም መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ እንዲሁም መመገብ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስቸግረው መታጠብ ሲሆን በመጨረሻ የሚጠፋው ደግሞ በራስ እጅ መመገብ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ስልክ መጠቀምን፣ ገንዘብ ማስተዳደርን፣ ምግብ ማብሰልን፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድን መመልከት ያስፈልጋል፤ የማስታወስ ችግር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው በእነዚህ ላይ ነውና።

የታየውን በደብተር ላይ በሦስት ከፍሎ መጻፍ በቂ ነው። በአንደኛው ክፍል አረጋዊው ያለ ምንም እገዛ የሚሠሩት፣ በሁለተኛው አንድ ነገር ቢመቻችላቸው ሊሠሩት የሚችሉት፣ በሦስተኛው ሰው ካልረዳቸው የማይሆንላቸው ይገባል። የቤተሰቡ ገንዘብም ሆነ ጊዜ በቅድሚያ መዋል ያለበት በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ለምሳሌ እናት መታጠብ ካስቸገራቸው፣ የሚያጥባቸው ሰው ከመፈለግ በፊት ችግሩ ወለሉ ማንሸራተቱ ነው፣ ለረጅም ጊዜ መቆም ነው ወይስ የገንዳውን ጠርዝ መሻገር ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ፣ እግሮቹ የማይንሸራተቱ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ችግሩን ሊፈታው ይችላል፤ እናትም ገላቸውን ለሌላ ሰው ከማሳየት ይድናሉ። አዛውንቶች ስለዚህ ጉዳይ ብዙም አይናገሩ እንጂ፣ ከሁሉም የሚያሳቅቃቸው ይኸው ነው።

ቤቱን በሌሊት ዓይን መመርመር

ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ሲሦ የሚሆኑት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃሉ። የዳሌ አጥንት ስብራት የሚያስከትለው መዘዝ ደግሞ ከስብራቱ ይብሳል፤ የአልጋ ቁራኛ መሆን፣ የሳንባ ምች፣ በእግር የደም መርጋት ሊከተሉት ይችላሉ። ከዚህ የማይተናነሰው መዘዝ ፍርሃት ነው፤ አንድ ጊዜ የወደቁ ሰው ዳግም እንዳይወድቁ ሲሉ መንቀሳቀስ ይቀንሳሉ፤ መንቀሳቀስ ሲቀንሱ ጡንቻቸው ይደክማል፤ በዚህም የተነሣ ይበልጥ ለመውደቅ ይጋለጣሉ።

ቤቱን ለመመርመር የሚሻለው ጊዜ ሌሊት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ መብራት ሳያበራ፣ አረጋዊው በሚተኙበት አልጋ ላይ ተጋድሞ ይነሣና እስከ መጸዳጃ ቤት ይሂድ። ማብሪያ ማጥፊያው ከአልጋ ላይ ሆኖ ይደረሳል ወይ? በመንገዱ ላይ የተጠቀለለ የምንጣፍ ጠርዝ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከፍ ያለ የበር መድረክ አለ ወይ? ግድግዳው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ የት የት ነው? ይህን መንገድ በገዛ እግሩ የሄደ ሰው ምን መለወጥ እንዳለበት ያለ ባለሙያ ይገባዋል።

ከሚለወጡት ነገሮች ርካሹና ጠቃሚው መብራት ነው፤ እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱ የሚበራ ትንሽ መብራት በኮሪደሩና በመጸዳጃ ቤቱ ቢደረግ ብዙ አደጋ ያስቀራል። ትናንሽ ምንጣፎችን ማንሣት ወይም ከሥር የማያንሸራትት ነገር ማድረግ፣ ገመዶችን በግድግዳ ጥግ ማሰር፣ በየቀኑ የሚፈለጉ ዕቃዎችን ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ማስቀመጥ አድካሚ ሥራ አይደለም። በመጸዳጃ መቀመጫው አጠገብና በመታጠቢያው ቦታ የሚተከለው የመያዣ ብረት ግን በደንብ መታሰር አለበት፤ የፎጣ መስቀያ የሰውን ክብደት ስለማይችል በእሱ መተማመን ከምንም መያዣ አለመኖር ይብሳል። ለደረጃ ቢቻል በሁለቱም ወገን መደገፊያ ቢኖረው፣ የየደረጃው ጠርዝም ከወለሉ በተለየ ደማቅ ቀለም ቢቀባ መልካም ነው። የአልጋውና የወንበሩ ከፍታ የሚለካው ሲቀመጡ እግር ሙሉ በሙሉ መሬት በመርገጡና ጉልበት በ90 ዲግሪ ያህል በመታጠፉ ነው። ጥልቅና ለስላሳ ሶፋ ምቹ ቢመስልም ለአረጋዊ ወጥመድ ነው፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር እጅግ ይመረጣል። ስለ ጫማ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተረከዝ የማይይዝ ነጠላ ጫማ በቤት ውስጥም ቢሆን ይቅር።

ከወደቁም በኋላ የሚደረገውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ያየ ሰው ሮጦ በብብታቸው ይዞ ማንሣት የለበትም፤ መጀመሪያ የት እንደሚያማቸው ጠይቆ፣ እግራቸው አጥሮ ወይም ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ወይም ዳሌያቸውን ካመማቸው ሳያንቀሳቅስ የሕክምና እርዳታ ይጥራ። ጭንቅላታቸውን ከተመቱና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ደኅና ነኝ ቢሉም ወደ ሐኪም መሄድ አለባቸው። ጉዳት ከሌለ ግን ራሳቸው እንዲነሡ መምራት ይቻላል፦ በጎን ዞረው፣ በእጅና በጉልበታቸው ሆነው፣ ወደ ጠንካራ ወንበር ቀርበው፣ አንዱን እግር አስቀድመው እጃቸውን በወንበሩ ላይ ተደግፈው ይነሡ። ይህን አንድ ቀን በሰላሙ ጊዜ ምንጣፍ ላይ መለማመድ፣ ብቻቸውን ሳሉ ቢወድቁ ለሰዓታት ወለል ላይ ከመቆየት ሊያድናቸው ይችላል። ስልክም ከወለል ላይ ሆኖ በሚደረስበት ዝቅተኛ ቦታ ይቀመጥ።

እግርና ሚዛን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አዋቂዎች፣ አረጋውያንም ጭምር፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ቢያደርጉ ይመከራል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑት ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ታክሎበታል። ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ የሚያበረታታው የእግር ጉዞን ብቻ ሲሆን የተረሳው ይህ ሁለተኛው ነው። መራመድ ለልብ ይጠቅማል፤ ከመውደቅ ለመዳን ግን ጉልበትና ሚዛን ለብቻቸው መሠልጠን አለባቸው።

ለመጀመር አንድ ወንበር ይበቃል። ወንበሩን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ፣ ቢቻል በእጅ ሳይደገፉ፣ ካልሆነም ተደግፈው፣ ቀስ ብሎ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ በመጀመሪያው ሳምንት 5 ጊዜ፣ እያደር 10 ጊዜ፣ ከዚያም በቀን ሁለት ዙር። ሲቀመጡ ዝም ብሎ መውደቅ ሳይሆን ሦስት እየቆጠሩ መውረድ ዋናው ነገር ነው። ለሚዛን ደግሞ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ይዞ በአንድ እግር ለ10 ሴኮንድ መቆም፣ ወይም አንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያደረጉ መራመድ ይቻላል። መሻሻሉን ለማየት በየወሩ አንድ መለኪያ ይደረግ፦ አረጋዊው ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር በተለመደው እርምጃቸው ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ ያለው ጊዜ በሰዓት ይቆጠር። 12 ሴኮንድና ከዚያ በላይ የሚወስድባቸው ከሆነ የመውደቅ አደጋቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያያቸው ይገባል። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ማቆም እንዳለባቸው መንገርም አይረሳ።

ነገር ግን ከማንኛውም ስፖርት በላይ አረጋዊን የሚያንቀሳቅስ ኃላፊነት ነው። ተክል ማጠጣት፣ ልብስ ማጠፍ፣ ልጅን ከበር መቀበል የእነሱ ድርሻ መሆኑ ከታወቀ፣ «ተንቀሳቀሱ» የሚል አሳሳቢ አያስፈልጋቸውም። ሥራውን ቀስ ብለው ይሠሩታል፤ ፍጹምም ላይሆን ይችላል። ቤተሰቡ ሊማረው የሚገባው ከባዱ ነገር የታጠፈውን ልብስ ከኋላቸው ሄዶ መልሶ አለማጠፍ ነው።

ምግብና ውሃ

ስለ ምግብ ለአረጋውያን የሚሰጠው ምክር አብዛኛው «ይህን አትብሉ» የሚል ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማነስ እንዳለበት እውነት ነው። ሆኖም በስተርጅና አደገኛው ነገር ብዙ ጊዜ መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው። ለጤነኛ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ያህል መሆኑን ያሰበ ሰው፣ ሻይና ዳቦ ቁርስ፣ ትንሽ ሾርባ እራት ለዚህ እንደማይበቃ ይረዳል። ስለዚህ ፕሮቲኑ በሦስቱም ገበታ ተከፋፍሎ ቢቀርብ ጥሩ ነው፤ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተትና እርጎ ለማኘክም አያስቸግሩም። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ።

በወር አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ልብስ ክብደት መመዘን ይገባል። ሳይፈልጉት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሱ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ምክንያቱ ሁልጊዜ ከባድ በሽታ አይደለም፤ የሚያመው ጥርስ፣ የማይገጥም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት፣ ወይም ብቻን መብላት ሊሆን ይችላል። ውሃን በተመለከተ፣ የጥማት ስሜት ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» የሚለው አያስተማምንም። በአማካይ ለሴቶች በቀን 1.6 ሊትር፣ ለወንዶች 2 ሊትር መጠጥ ይመከራል፤ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ላለባቸው መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። በሌሊት ለሽንት መነሣትን ፈርተው ውሃ የሚተዉ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ አብዛኛውን ውሃ ከሰዓት በፊት መጠጣት መልካም መላ ነው።

መድኃኒትና የደም ግፊት

ከአንድ በላይ ሐኪም የሚያያቸው አረጋዊ፣ እያንዳንዱ ሐኪም ሌላው ያዘዘውን ሳያውቅ መድኃኒት ሊደራረብባቸው ይችላል። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ትእዛዝ የተገዛው፣ ቫይታሚኑና የባህል መድኃኒቱ ሳይቀር፣ በአንድ ቦርሳ ተይዞ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ይታይ። ጥያቄውም «ይህ ለምንድን ነው? ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» የሚል ይሁን። በተለይ የእንቅልፍ መድኃኒቶችና እንቅልፍ የሚያመጡ አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች በአረጋውያን ላይ መደናገርንና መውደቅን ያስከትላሉ። ያም ሆኖ ማንኛውንም መድኃኒት በራስ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ አይገባም። በሰባት ቀን የተከፋፈለ የመድኃኒት ሣጥን ቢኖር፣ ሞልተው የሚያዘጋጁት አረጋዊው ራሳቸው፣ የሚያረጋግጠው ደግሞ ልጅ ቢሆን ይመረጣል።

የደም ግፊት በቤት ሲለካ 5 ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለቱንም መጻፍ ያስፈልጋል። በቤት የተለካው አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ብዙዎች የማያውቁት ሌላው ልኬት የቆሙበት ነው፦ ተኝተው ከተለኩ በኋላ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሲነሡ የሚያዞራቸው ለዚህ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር። እስከዚያው ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ጥቂት አንቀሳቅሰው ይነሡ።

ጆሮ፣ ዓይንና አእምሮ

አባት በጨዋታ መካከል ዝም ማለት ሲያበዙ ቤተሰቡ ወይ ተቆጥተዋል፣ ወይ መርሳት ጀምረዋል ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የማይሰሙ ሆነው ነው። በሕክምና መጽሔቱ ላንሴት የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 መንስኤዎች ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል አመልክቷል፤ ከእነዚህም የመስማት ችግር፣ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ የደም ግፊት፣ አለመንቀሳቀስና ከሰው መገለል ይገኙበታል። የጆሮ ኩክ መጠረግ ብቻውን ሰውን ወደ ጨዋታ የመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ከተገዛም መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር፣ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እያደረጉ እንዲለምዱት ቤተሰቡ ይታገሥ። ሲያነጋግሯቸውም ከመጮኽ ይልቅ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ፣ ረጋ ብሎ መናገር ይሻላል። ስለ ዓይን አንድ ማሳሰቢያ፦ የቅርቡንና የሩቁን በአንድ መስታወት የሚያሳይ መነጽር ደረጃ ሲወርዱ እግር የሚረግጥበትን ያደበዝዛል።

ቀስ በቀስ በወራትና በዓመታት የሚመጣ መርሳትና፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚከሰት መደናገር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ ቤታቸው መሆኑን ካላወቁ፣ ወይም ያለ ልማዳቸው ቀን ሙሉ ካንቀላፉ፣ ምክንያቱ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ መታከም አለባቸው። ፊታቸው በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ ክንዳቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ ደግሞ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ነው ብሎ ማሰብና ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው ሕክምና በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ጽፎ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

ተንከባካቢውና የቤተሰቡ ስምምነት

በአብዛኛው ቤት የእንክብካቤው ሸክም የሚወድቀው በአንድ ሰው፣ በተለይም በአንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ትከሻ ላይ ነው፤ የቀሩት ደግሞ በስልክ ይመክራሉ። ይህች ሰው እንቅልፍ ካጣችና የራሷን ሕክምና ካስተላለፈች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታማሚዎቹ ሁለት ይሆናሉ። ስለዚህ ድርሻው በግልጽ ይከፈል፤ በሩቅ ያለ ወንድም የሐኪም ቀጠሮዎችንና ክፍያውን ሊይዝ፣ ሌላው በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ሊተካት ይችላል።

ለዚህ በየሦስት ወሩ አጭር ስብሰባ ማድረግ በቂ ነው፤ አረጋዊውም በስብሰባው ተገኝተው አስቀድመው ይናገሩ። የትኛውን ሥራ ለራሳቸው ማስቀረት እንደሚፈልጉ፣ የትኛው እንደከበዳቸው፣ በጠና ቢታመሙ ማን እንዲወስንላቸው እንደሚሹ መጠየቅ ያለበት አእምሯቸው ሙሉ ሳለ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተጻፈው ባለ ሦስት ክፍል ደብተር በዚህ ስብሰባ ይከፈትና፣ ከሁለተኛው ክፍል ወደ አንደኛው የተመለሰ ሥራ ካለ እሳቸው ራሳቸው በብዕራቸው ያዛውሩት።